ለስድስት ወር ያልተነካ

አህለን፣ አህለን እናትነሽ… ግቢ እንጂ፣ ምን ከዚያ ፀሐይ ላይ ያስቆምሻል? እዚህ ጥላ አለ፣ ወንበርም አለ። አዎ፣ የኔው ወንበር ነው። ዘንድሮ ከበሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ አየሩ ይሻላል፣ የሚገባውን የሚወጣውንም ሰው አያለሁ። እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱን ኸሽም ኤል ቂርባ አረም ላይ ነበራችሁ አሉ። ልጆችሽ መተማ ደህና ናቸው? ትልቋ አገባች? ማሻአላህ። እኛማ ደህና ነን፤ ኸሪፉ፣ ዝናቡ፣ ዘንድሮ አልጨከነብንም፣ ሰሊጡ ሰው ይውጣል። በይ ካርከዴ ቅመሽ፣ ቀዝቃዛ ነው።

ያ ጥቅል ምንድን ነው? … ወይካ ነው እንዴ፣ የተወቀጠው ባሚያ? ሽታው ገና ከሩቅ ደረሰኝ። ማን አድርቆ፣ ማን ወቅጦ ላከው? … እትዬ በለጠች? አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው ማለት ነው። አይ፣ ምንም አላልኩም፤ እዚህ ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ስለሌለ ነው የደነገጥኩት። ለልጃቸው ነው የላኩት? እሱማ የት ይርቃል ብለሽ… ከዚህ መስታወት ወዲያ ያለ ሰው እንኳ እጁን ዘርግቶ ሊቀበል ይችላል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪው። መልእክትም አለው? በይ በጆሮዬ… እ… እ… ኧረ እኔን! በራሳቸው አፍ እንዲህ ብለው ላኩ? ተይ፣ ይቺን መልእክት ለብቻዋ እናቆያት። ባለቤቱ ሲመጣ በክብር ነው የምትሰጠው።

ባንታምላክ ምን ሆኖ ነው አጥር ስር ቁጢጥ ያለው? ያን ያህል ሰው ይዞ የመጣ ካቦ እንዲህ ፊቱን ሲያጠቁር አያምርበትም። … የሥራ ካርድ የለም ተባላችሁ? ማን አለ? ማሽኑ? … እንግዲያማ ማሽኑ የለም ካለ የለም ነው። እናንተ ደግሞ አለን ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ ያለ ሰው መሆናችሁን በምን ታስረዳላችሁ? በፊታችሁ? በእጃችሁ ላይ ባለው የማጭድ ጠባሳ? ይሄ ሁሉ ያረጀ ማስረጃ ነው። እኔም እንኳ በየዓመቱ በዚህ በር ስትገቡ ያየሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ራሴን ልጠራጠር ነው።

ድሮ ያን ክፍል የምጠብቀው እኔ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ። ዳታቤዝ ይሉታል፤ ሐጂ ጣሃ የሚገዙት የሚሸጡት ሰሊጥ፣ የሚዛኑ፣ የሎሪው፣ የመጋዘኑ፣ ከአገራችሁ የሚመጣው አጫጅና አብሳይ ስም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሲዘገይ የሚያዘገየውን ፈልጌ አፈጥነዋለሁ፣ ሲሞላ አጸዳዋለሁ፣ ሲታመም አስታምመዋለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የሰው ሥራ ነው። ሰው ይደክመዋል፣ ሰው ረመዳን ይጾማል፣ ሰው ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ሰው ሲመጣበት ቀና ብሎ ‹ደህና ዋልሽ› ይላል፤ በዚያ ስንት ጊዜ ባክኗል መሰለሽ!

ኋላ አንድ የተማረ ሰው መጣልን። ከካርቱም ነው የተማረው፣ ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ማኅተሙ ያብረቀርቃል። ባሽሙሃንዲስ ነው የምንለው፣ እዚህ አገር መሐንዲስ ሲከበር እንደሚባለው። ስለ ስሙ አትጠይቂኝ፤ እኔ ስለ ሰው አላወራም፣ የማወራው ስለ ማሽኑ ነው። እንዲህ አለ፤ ዳታቤዝን ሰው የሚጠብቅበት ዘመን አልፏል። ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ ሥራውን ራሱ ያያል፣ ከሚያየው ራሱ ይማራል፣ የሚያዘገየውን ራሱ ያስወግዳል፣ የሰው እጅ አይነካውም። ሐጂ ጣሃ በደስታ እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከራማ አረዱ እኮ! ሰው ከሕመም ሲድን፣ ከመንገድ በደህና ሲመለስ የምናርደውን የምስጋና ፍየል ለማሽን አረዱ። ያን ቀን ሁላችንም በላን፣ እኔም ጎድን ደርሶኛል። ባሽሙሃንዲሳችን ተነሥቶ ንግግር አደረገ፤ ‹ከዛሬ ጀምሮ የሰው እጅ አያስፈልገውም› ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሌላ ምን ሥራ ነበረው? በማግስቱ ይቺን ወንበር ሰጡኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደሜ ፈልቶ ነበር። አሁን ግን በርዷል… ካርከዴ ጥሩ ነው ለደም።

መቼ ነው የተከለው ብትይኝ፣ በሚያዝያ። የገዳሪፍን ሚያዝያ ታውቂው የለ፤ ፍየል እንኳ ከግድግዳ ጥላ አትነቃነቅም። እርሻው ባዶ አፈር ነው። እናንተ አገራችሁ ናችሁ። እዚህ የሚሠራው ገበያው ብቻ ነው፣ የከረመውን ሰሊጥ ማውጣትና መሸጥ። እንግዲህ ማሽኑ ቁጭ ብሎ ይማር ጀመር። ጠዋት ሰው ምን ጠየቀ? የሰሊጥ ዋጋ። ቀትር ላይስ? ሚዛን። ማታስ? የትኛው ሎሪ ወደ ፖርት ሱዳን ወጣ። የአጫጅ ስም የጠየቀ አለ? የለም። ግንቦት መጣ፣ የለም። ሰኔም መጣ፣ የለም። ማሽኑ ምን ይበል? በኔ ዕድሜ እነዚህን ሰዎች የፈለጋቸው የለም አለ። እውነቱን ነው እኮ፣ ዕድሜው ሦስት ወር ነው!

ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አስተማሪው ጎበዝ ነዋ።

አንዲት ሕግም ሰጥቶታል። ለስድስት ወር ማንም ያልነካው ነገር አይፈለግም፤ ከፊት ይነሣና ወደ ጓዳ ይወሰድ። እናንተ በታኅሣሥ አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ፣ ‹በሰላም ያገናኘን› ብላችሁ ሄዳችኋል። ሰኔ ሲያልቅ ስድስት ወር ሞላችሁ። በሰላም አነሣችሁ። የስማችሁን ማውጫ ቀደደው፣ መጽሐፍ ላይ ከፊት ያለውን ማውጫ እንደመቅደድ ነው፤ ስማችሁን ደግሞ ጠቅልሎ ጓዳ ከተተው። ያን ቀን ዳታቤዙ እንዴት ቀለለው መሰለሽ! ስክሪኑ ላይ የሚዛኑ መስኮት በረረ። ሐጂ ጣሃ ‹ያ ሳላም!› አሉ። እውነትም፣ ሰው ሲቀንስ ቤት ይሰፋል።

አሁን ካርድ የሚያድለው ልጅ ‹ባንታምላክ› ብሎ ሲጠይቀው ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ማሽኑ ማውጫ ስለሌለው ጓዳውን ሁሉ ማገላበጥ ይጀምራል። ማገላበጥ ደግሞ ያዘገያል። የሚያዘገይ ጥያቄ ደግሞ ይቋረጥ ተብሏል፤ ያም የባሽሙሃንዲሳችን ሕግ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ያቋርጠውና ‹የለም› ይላል። ግን ፍጥነቱን አየሽ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ነው የለም የሚልሽ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሰውን የለም ለማለት ይከብደኝ ነበር፤ ደግሜ እፈልግ ነበር፣ ስሙን በዓረብኛ አጻጻፍ እሞክር ነበር፣ ‹የአባትህ ስም ማነው› እል ነበር። ኋላቀርነት ነው።

በየጠዋቱ ደግሞ ለሐጂ ጣሃ ስልክ ላይ ሪፖርት ይልካል። ስለ ማን? ስለ ራሱ። ሁሉ ተማም ነው፣ ደህና ነው፣ አረንጓዴ። ዛሬም ልኳል። እናንተ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ፣ ሎሪው ባዶውን ቆሞ፣ ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው። እኔ እንዲህ ራሴን ማመስገን ብችል ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ…

አሁን ገዳሪፍ ዓመቱ ሁለት መልክ እንዳለው፣ ደረቁን ያየ እርጥቡን እንዳላየ የማያውቅ ሰው አለ ትያለሽ? የለም። ለዚህ ካርቱም መሄድም እዚያ ወንበር ላይ መክረምም አያስፈልግም። ባሽሙሃንዲሳችንማ እንዴት አድርጎ አያውቅ? እኔ ከተማ ነው የተወለድኩት፣ ከሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ነው ያደግሁት። እሱ ግን… ተይው፣ ስለ ሰው አላወራም ብያለሁ። ብቻ አንዳንድ ሰው አለ፣ እናቱ ለአጫጅ ስታበስል በሰሊጥ ነዶ ጥላ ተኝቶ ያደገ። እናንተ ናችሁ ዝንቡን እሽ ያላችሁለት። እንዲህ ያለ ሰው ሰሊጥ መቼ እንደሚደርስ፣ አጫጅ መቼ እንደሚመጣ ይረሳል? አይረሳም። ማሽኑን በሚያዝያ ሲያስተምረው ምናልባት… የተማረ ሰው ነው፣ የሚያስበው ብዙ ነው።

ጥሩምባውን ሰማሽው? ኢሀብ ነው፣ የሎሪው ሾፌር። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ይነሣል። ካርድ የሌለውን ኬላ ላይ ያወርዱታል፣ ስለዚህ ካርድ የሌለውን አይጭንም፤ አይፈረድበትም። ዛሬ ካልተሳፈራችሁ ደግሞ ፋው ከሚባለው አገር የመጣ ቡድን እዚያ ከገበያው ማዶ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ቦታችሁን ይይዘዋል። ሐጂ ጣሃም አይፈረድባቸውም። ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል፣ ፍሬው አፉን ሊከፍት ነው፤ ከከፈተ ደግሞ መሬት ላይ ነው የሚራገፈው፣ የሚለቅመውም ወፍ ነው። ሁሉም ትክክል ነው፣ እናንተ ብቻ ናችሁ ያለቦታችሁ የመጣችሁት። ክረምቱን ሙሉ አረም ነቅሎ፣ ዋናውን የአጨዳ ሥራ አጥቶ ባዶ እጅ መተማ መግባት… ምን ይደረጋል፣ የዳታቤዙ ፍጥነት ይበልጣል።

መመለስ አይቻልም ወይ አልሽኝ? ለምን አይቻልም። አልጠፋችሁም፣ ጓዳ ናችሁ። ራሱን የሚያዘውን ነገር ማቆም፣ ፋይሉን ከጓዳ ማውጣት፣ ማውጫውን መልሶ መሥራት፣ አለቀ። ባሽሙሃንዲሳችን ከኔ በላይ ያውቀዋል፣ እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ችሎታውን ማንም አይወስድበትም። ችግሩ ሌላ ነው። ያን ነገር ሲያቆመው ወዲያው ሐጂ ጣሃ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ አረንጓዴው ይጠፋና ‹በሰው እጅ ቆሟል› ይላል። ሐጂም ይደውላሉ፤ ‹ምነው ልጄ፣ የሰው እጅ አያስፈልገውም አላልክም?› ይላሉ። አሁን ይሄ ለተማረ ሰው ቀላል ነው? አንድ ከተማ ሙሉ በተበላ ከራማ ላይ የተናገሩትን መዋጥ? አይ እናትነሽ፣ እናንተ ሥራ ብታጡ ይሻላል። እናንተ ለምዳችሁታል።

ተይ፣ መስታወቱን አታንኳኪ። ሥራ ላይ ነው። ቁልፉን ሲመታ ይሰማሻል? ቀጭን ቀጭን ድምፅ… ጠዋት ሎሪው ከገባ ጀምሮ እንደዚሁ ነው፣ ራሱን ቀና አላደረገም። ጀርባውን ለመስኮቱ አዙሮ ነው የተቀመጠው፤ ፊቱን ቢያዞር ኖሮ በሩን፣ አጥሩን፣ ባንታምላክን ያይ ነበር፤ ሐሳቡ ይበተንበት ነበር። … አሁን ቆመ። ሰምቶን ይሆን? አይመስለኝም፤ መስታወቱ ወፍራም ነው። ከላይ በኩል ትንሽ ክፍት ቢሆንም…

በይ ጨዋታ እንቀይር። ስለ እትዬ በለጠች ንገሪኝ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? አምና እንኳ ከናንተ ጋር ነበሩ፤ እያነከሱ ያንን የሚያህል ድስት ሲያነሱ አይቻቸዋለሁ። ‹ልጅዎ ሥራ ይዟል፣ አሁን እንኳ ይረፉ እንጂ› ብላቸው፣ ‹እሱ ገና ራሱን እያቋቋመ ነው፣ አላስቸግረውም› አሉኝ። እንዴት ያለች እናት ናት! አላስቸግረውም። ይኸው አላስቸገሩትም።

አሁን ሄዶ አይቷቸው ያውቃል? … አንገትሽን አትድፊ፣ እኔ እኮ ለክፋት አልጠየቅሁም። ምን አሉ? … ሥራ በዝቶበት ነው አሉ? አዎ፣ በዝቶበታል። ከገዳሪፍ ጠዋት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ለምሳ ኸሽም ኤል ቂርባ ይደርሳል፣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ማን ማሽኑን ይጠብቅ? ለካ ራሱን ይጠብቃል… ረስቼው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሄደ ብዬ አልጠይቅሽም። ኢድ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ኸሪፉም አለፈ። ስድስት ወር ሞልቶት ይሆን? ሞልቶት ከሆነ እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልሞክር። ይቺ በበሩ ያለችውም ኮምፒዩተር ትጠይቃለች። የእትዬ በለጠችም ስም እዚያው ከናንተ ጋር ነበር እኮ፣ እኔው ነኝ ያስገባኋቸው። ያን ቀን ‹ሥራ› ከሚለው ፊት ለፊት አብሳይ ብዬ ስጽፍ፣ ‹የመሐንዲስ እናትም ብለሽ ጨምሪበት› ብለው ሳቁ፤ ያኔ ልጃቸው ገና ካርቱም ትምህርት ላይ ነበር። እስቲ… በ፣ ለ፣ ጠ፣ ች። ይኸው። ኸላስ፣ መለሰ። አየሽው? ማንበብ ባትችዪ እኔ ላንብብልሽ፤ ‹በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም›። ፈጠነ አይደል? እኔ እንኳ እጄን ከቁልፉ ሳላነሣ።

ምነው አለቀስሽ? አታልቅሺ፣ ማሽን ነው። ማሽን ምን ያውቃል፣ ያስተማሩትን ነው የሚያውቀው።

… ወንበሩ ነው የተንቀሳቀሰው? አትዙሪ፣ ካርከዴሽን ጠጪ። ምናልባት ወገቡን ሊያፍታታ ነው። ተቀምጦ የዋለ ሰው ይነሣል… ተመልሶ ተቀመጠ። ቁልፉን እየመታ ነው፣ አሁን ግን አመታቱ ተለወጠ፣ ሰማሽው? እኔ ስሠራው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ድምፁን አውቀዋለሁ። … ያ ደግሞ የሱ ስልክ ነው የሚጮኸው። ሐጂ ጣሃ ይሆናሉ። እንዴት ቶሎ ደወሉ! አረንጓዴው ጠፍቶባቸው ይሆን? ያንሣው አያንሣው… አነሣው። ‹ሃዲር ያ ሐጂ፣ ሃዲር› ይላል፣ እሺ እሺ ማለቱ ነው። ‹እኔ ነኝ ያቆምኩት› አለ? እንዲህ ነው ያለው ወይስ ጆሮዬ ነው? … ማሻአላህ። ማሻአላህ ነው የምለው፣ ከልቤ ነው። በዚህ ቢሮ እንዲህ ያለ ቃል ሲነገር ዛሬ መስማቴ ነው።

ማተሚያው ተነሣ! በይ ባንታምላክን ጥሪው፣ ከአጥሩ ይነሣ። ኢሀብም ጥሩምባውን ይተው፣ ይታገሥ በይው፣ ሰዎቹ አሉ። ካርዱ እየወጣ ነው፣ ይኸው ይሰማኛል፣ አንድ ባንድ። ዛሬ ሰሊጡ ላይ ትደርሳላችሁ ኢንሻላህ። አየሽ፣ እኔ ምንም አላልኩም፣ መስታወትም አላንኳኳሁም። ሁለት ሴቶች ተቀምጠን ስለ ወይካ ነው ያወራነው።

ከጓዳ ያወጣው ሁሉንም ከሆነ ደግሞ… ቆይ፣ ልድገመው። በ፣ ለ፣ ጠ፣ ች። … አሉ! እናትነሽ፣ አሉ። ‹አብሳይ፣ ኸሽም ኤል ቂርባ።› ትንሽ ዘገየ፣ ግን አሉ።

… ኧረ መጣ! እዚያ ነበርክ እንዴ ባሽሙሃንዲስ? እኛ እኮ መኖርህንም ረስተን ነው የምንጫወተው። ካርዶቹን ለእናትነሽ ስጣት፤ ታውቃታለህ አይደል? ዝንብ እሽ ትልብህ የነበረችዋ ናት። ዓይንህ ቀልቷል፣ ያ ማሽን በጣም አደከመህ መሰለኝ። በል ይሄንንም ተቀበል፣ ወይካ ነው፣ ከእናትህ። ከነጉልበታቸው ሕመም ራሳቸው አድርቀው፣ ራሳቸው ወቅጠው ነው። እንዳትጥለው፣ በሁለት እጅህ ያዘው። መልእክትም አለው፣ ደስ የሚል መልእክት። ለሌላ ሰው ብሰጠው ይበላሻል ብዬ ለራስህ አቆይቼልሃለሁ። ቃል በቃል ነው፣ እናትነሽ ምስክሬ ናት። ምርቃት ስለሆነ ራስህን ዝቅ አድርግ።

‹ልጄ፣ ሚስትህ መድረሷን ከሰው ሰማሁ። አምላክ በሰላም ይገላግላት። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፣ ስለኔ አታስብ። የሚወለደው ልጅ መልኩም ጠባዩም አንተን ይምሰል። አንተ ለኔ እንደሆንክልኝ፣ እሱም በስተርጅናህ እንዲሁ ይሁንልህ።›

ከልባቸው ነው ያሉት፣ ምንም የተደበቀ የለበትም… አሜን በል እንጂ ልጄ።